የደጋ ሰው ሞምባሳ ሲወርድ

ባለፈው ጥር ቤተሰባችን ኬንያ ሄዶ ሞምባሳንና ከእሷ በስተደቡብ ያለውን የዲያኒን ባህር ዳርቻ አይቶ ተመለሰ። ጉዞው በጣም ደስ የሚል ነበር። ከተመለስን በኋላ ግን ባለቤቴ ወባ ይዞት ለትንሽ ነው የተረፈው። ዘንድሮ ጓደኞቼ ለእረፍት ሞምባሳን ሲያነሱ ያንኑ ታሪክ በየስልኩ መድገም ሰለቸኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አትሂዱ አልልም። ሂዱ! ግን እኛ አዲስ አበቤዎች ውሃ ዳር መዝናናት የምናውቀው በላንጋኖና በቢሾፍቱ ነው። የውቅያኖስ ዳርቻ ሌላ ነው። ውሃው ቦታው ላይ አይቀመጥም፣ ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም፣ ቢምቢውም ቀልድ አያውቅም። በራሳችሁ ፕሮግራም ሳይሆን በእነዚህ በሦስቱ ፕሮግራም መሄድ አለባችሁ።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ። ብዙዎቻችን እረፍት የምናገኘው በፋሲካ ነው። ለሞምባሳ ግን ፋሲካ አይሆንም። የዚያ አገር ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ባህሩ ይደፈርሳል፣ ነፋሱ የባህር አረም እየጠረገ አሸዋው ላይ ይከምረዋል። ከታህሳስ እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ባህሩ ረጋ ይላል፣ ውሃውም ይጠራል። የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ዋጋው ጣራ ይነካል። ያ ግርግር ሲያበቃ የእኛ ገና ይመጣል። ከገና እስከ ጥምቀትና ከዚያም በኋላ ያለው ጊዜ ለእኛ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ስትዘጋጁ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ፈልጉ። አዲስ የምትከተቡ ከሆነ ካርዱ የሚሠራው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት አትሩጡ። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህ ክትባት ከተራው ወባ አያድንም። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ባለቤቴ "ተከትቤያለሁ እኮ" እያለ ነበር ሻንጣውን የሚያዘጋጀው። ጫማችሁንም በፌስታል ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ዶላር የምትይዙ ከሆነ አዳዲስ ኖት ምረጡ፤ የድሮውን ብዙዎቹ መንዛሪዎች አይቀበሉም።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የወረድነው በባቡር ነው። ማዳራካ ኤክስፕረስ ይባላል፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። የቀኑን ያዙ፤ ባቡሩ የጻቮን ፓርክ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ዝሆኖቹ ቀዩን አፈር ሰውነታቸው ላይ ስለሚነሰንሱ ቀይ ሆነው ይታያሉ። ጣቢያው ላይ ፍተሻው ብዙ ነው። ሻንጣችሁን መሬት ላይ ደርድራችሁ ውሻ እስኪያሸተው ትቆማላችሁ። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የሞምባሳው ጣቢያ ሚሪቲኒ የሚባል ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ቦታ ላይ ነው። የሚቀበላችሁን መኪና ቀድማችሁ ብትነጋገሩ ከደላላ ግርግር ትድናላችሁ።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ነው። የፈረንጆቹ ጠዋት 10፡00 ለእነሱም 4 ሰዓት ነው። ደስ አይልም? ችግሩ እኛ ከአገር ስንወጣ ስልካችንንም ጭንቅላታችንንም ወደ ፈረንጅ ሰዓት እንቀይራለን። አንድ ጀልባ ነጂ ለታናሽ ወንድሜ አራት ጣቱን አውጥቶ አሳየው። ወንድሜ በፈረንጅ አስቦት ምሳውን በላ፣ ተኛ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ሄደ። ጀልባዋ ጠዋት ወጥታ ተመልሳለች። እንግዲህ ከዓሣ አጥማጅና ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስትነጋገሩ "ጠዋት ነው ከሰዓት?" ብላችሁ ጠይቁ። የባቡር ትኬትና ሆቴል ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ሞምባሳ ደሴት ናት። ሙቀቱ የአዋሽ ወይም የድሬዳዋ ዓይነት ደረቅ አይደለም፤ እርጥብ ነው። ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። የመጀመሪያው ቀን ከተማውን በቀትር ካላዞርኩ ብሎ ባለቤቴ ጎተተን። ልጃችን መንገድ ላይ አዙሮት ቁጭ አለ። አንዲት የሱቅ ባለቤት እናት ወንበር አምጥተው አስቀመጡት፣ ማዳፉ የሚሉትን ለጋ ኮኮናት አናቱን ቆርጠው አጠጡት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራማችን ተቀየረ። ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት መዞር፣ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር መተኛት፣ ማታ እንደገና መውጣት። ኦአርኤስ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ እሽግ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ፎርት ጂሰስ የሚባለውን የድሮ ምሽግ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ጠዋት 2 ሰዓት ሲከፈት ግቡ፤ በኋላ ድንጋዩ ራሱ ምድጃ ይሆናል። ፖርቹጋሎች ግንቡን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1593 ነው። ኋላ የኦማን አረቦች ከ1696 ጀምረው ለሦስት ዓመት ያህል ከበው ወሰዱት፤ እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አደረጉት። ቫስኮ ዳ ጋማ በዚህ ባህር በኩል ያለፈው በ1498 ነበር። በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ የወረደውና ለአፄ ገላውዴዎስ ወግኖ የተዋጋው ክርስቶፎር ዳ ጋማ የእሱ ልጅ ነው። ይህን ለልጄ ስነግረው መድፉን ትቶ ዞር አለና "የእኛ ታሪክ ላይ ያለው ሰውዬ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚውን በጥያቄ አላስቀመጠውም።

ከግንቡ ወጥታችሁ አሮጌው ከተማ ውስጥ በእግር ግቡ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በሮቹ በእጅ የተፈለፈሉ ናቸው። ሰፈሩ የሙስሊም ሰፈር ነው፤ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ደግ ነው። ቁርስ እዚያው ብሉ። ምባዚ የሚሉት በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር አለ። ከማሃምሪ ጋር ይቀርባል፤ ሄል ሄል የሚሸት ባለ ሦስት ማዕዘን ቦምቦሊኖ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ከዚህ የተሻለ አታገኙም። ባቄላውም፣ አትክልቱም፣ ሩዙም በኮኮናት ነው የሚሠራው። "ቅቤ የለውም?" ብሎ መጠየቅ ግን አይከፋም። ማታ ማማ ንጊና መንገድ ላይ ባህሩን እያዩ የካሳቫ ቺፕስ በሚጥሚጣና በሎሚ መብላትም አለ። እነሱ ሚጥሚጣ አይሉትም እንጂ ያቃጥላል።

ከሞምባሳ ደሴት ወደ ዲያኒ ለመሄድ የተለመደው በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ነው። ለእግረኛ በነጻ ነው። ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ቦርሳችሁን ከፊታችሁ አድርጉ፣ ፎቶም አታንሱ። ሻንጣና ልጆች ካሏችሁ ከባቡር ጣቢያው በዶንጎ ኩንዱ መንገድ በመኪና ዙሩ፤ ጀልባውን ጭራሽ ትተዉታላችሁ። ዲያኒ ስትደርሱ ከመንገዱ በላይ የተዘረጋ የገመድ መሰላል ታያላችሁ። ለጉሬዛ ነው። የእኛው ጉሬዛ ዘመድ ነው፣ መኪና እንዳይገጨው ተብሎ የተሠራለት። ሌሎቹ ጦጣዎች ግን ሌቦች ናቸው። የበረንዳ በር ክፍት ትታችሁ ከወጣችሁ ሙዙም ብስኩቱም የለም።

ዲያኒ ላይ በመጀመሪያው ጠዋት መጋረጃውን ስንከፍተው ባህሩ የለም። ውሃው ርቆ ሄዷል፣ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ጋደም ብለዋል፣ በየቦታው ኩሬ ቀርቷል። ባለቤቴ "ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ብር ያወጣነው?" አለ። ከቀትር በኋላ ባህሩ ተመልሶ የሆቴሉ ደረጃ ሥር ደርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይሞላል። ከጉድለት እስከ ሙላት ከስድስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይገፋል፣ ስለዚህ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይብሳል፤ ከሦስት ሜትር በላይ ይደርሳል። ሆቴሎች የየቀኑን ሰዓት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ከቁርስ በፊት እሱን አንብቡ። መዋኘት የሚመቸው ሲሞላ ነው። ሲሸሽ ደግሞ ባህሩ ውስጥ ራቅ ብሎ እስካለው ዓለት ድረስ በእግር ይኬዳል፣ በየኩሬው ውስጥ ባለ አምስት ጣት የባህር ኮከብና ትንንሽ ዓሦች ይታያሉ።

ወንድሜና ልጄ አንድ ጠዋት እዚያ ዓለት ድረስ ሄዱ። እኔ ከዳር ሆኜ አያቸዋለሁ። ሁለቱም አጎንብሰው ኩሬ ኩሬውን ያያሉ፣ ፊታቸው ወደ ውቅያኖስ ነው። ያላወቁት፣ እኔም ያላወቅሁት ነገር ውሃው የሚመለሰው ከፊት ብቻ አለመሆኑን ነው። በዓለቱና በአሸዋው መካከል ያለው ቦታ ዝቅ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። ሲሄዱ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ የነበረው ውሃ ከኋላቸው ወገብ ደርሷል። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ናቸው ያፏጩት። እጃቸውን እያወናጨፉ ገብተው ተቀበሏቸው። ወንድሜ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሲወጣ ውሃው ደረቱ ላይ ነበር። ዋና አይችልም።

በዚያ ላይ የባህር ጃርት ረግጧል። ጥቁር እሾሁ ተረከዙ ውስጥ ተሰባብሮ ቀረ። እኔ መርፌ ፍለጋ ስሮጥ ሽማግሌው በእጃቸው ከለከሉኝ። ያልበሰለ ፓፓያ አስመጡ፣ ልጡን በቢላ ጫር ጫር አደረጉት፣ የሚወጣውን ነጭ ወተት ቁስሉ ላይ አንጠባጠቡ። ሆቴሉ ደግሞ እግሩን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ እንዲዘፈዝፍ ነገረው። ሕመሙ ማታውን ቀለለው። እሾሁን በመርፌ መቆፈር የባሰ ይሰባብረዋል፤ እንዳትነኩት።

ስለዚህ ወደ ዓለቱ የምትሄዱት ውሃው ገና እየሸሸ ሳለ ይሁን። ሰሌዳው ላይ ዝቅተኛ ተብሎ የተጻፈው ሰዓት ሲደርስ ፊታችሁን አዙሩ፤ ያኔ መመለሻ ነው እንጂ መሄጃ አይደለም። ያረጀ ሸራ ጫማ አድርጉ። ልጅ ከያዛችሁ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ክፍያው ትንሽ ነው።

ከቻላችሁ አንድ ቀን ለኪሲቴ ምፑንጉቲ የባህር ፓርክ ስጡ። ጀልባው የሚነሳው ከሺሞኒ ነው፣ ከዲያኒ ወደ ደቡብ። ዶልፊን ለማየት ጠዋቱ ይሻላል። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሳችሁ አስሩት፤ "መሃል ላይ እሰጣችኋለሁ" የሚል ካለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ሺሞኒ ላይ ባሪያ ሲነግዱ ሰው ያጎሩበት ዋሻ አለ። ግድግዳው ላይ የብረቱ ቀለበት አሁንም ይታያል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ አስረዷቸው።

አሸዋው ላይ ዕቃ የሚሸጡና ግመል የሚያስጋልቡ ወጣቶች ይከተሏችኋል። ፈገግ ብላችሁ አንድ ጊዜ "ሃፓና አሳንቴ" (አይ፣ አመሰግናለሁ) በሉ፣ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ዋጋ ከጠየቃችሁ ግን ገብታችኋል። ዛጎል አትግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከመሄዳችን በፊት ሐኪም ለሁላችንም ዶክሲሳይክሊን የሚባል የወባ መከላከያ ኪኒን አዝዞልን ነበር። ልጃችን ከስምንት ዓመት በላይ ስለሆነ በክብደቱ ተለክቶ ተሰጠው። ከዚያ በታች ላሉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ይህ መድኃኒት አይሆንም፤ ሐኪሙ ሌላ ይመርጣል። በየቀኑ ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ ይዋጣል። ውጣችሁ ወዲያው አትተኙ፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ቆዳንም ለጸሐይ ያጋልጣል፣ ስለዚህ የጸሐይ ቅባትና ባርኔጣ የግድ ነው። "እኛ ጥቁር ነን" ያለው ባለቤቴ ትከሻው ተላጠ።

ማታ ማታ ረጅም እጅጌ ለብሰን፣ ቅባት ተቀብተን፣ አጎበር ውስጥ ነበር የምንተኛው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አጎበሩ ቀዳዳ ካለው ሆቴሉን አስቀይሩ፣ ጫፉንም ከፍራሹ ሥር ክተቱ። ባለቤቴ ግን እራት ከበላ በኋላ ቁምጣ ለብሶ በረንዳ ላይ ኳስ ያይ ነበር። እሱም ቢሆን ኪኒኑን ይውጥ ስለነበር አያሳስብም ብለን ነው።

ቦሌ ስንደርስ መዋጡን አቆመ። "አዲስ አበባ ምን ወባ አለ?" አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ተውሳኩ ደም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጉበት ውስጥ ይቀመጣል፣ ዶክሲሳይክሊን ደግሞ የሚይዘው ከጉበት ሲወጣ ነው። ለዚህ ነው ከተመለሱ በኋላ ለአራት ሳምንት መቀጠል ያለበት። ጥቅሉ ላይ ተጽፏል፣ ሐኪሙም ነግሮናል። ግን ሰው ቤቱ ሲገባ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል።

ሳምንት አለፍ ሲል ብርድ ብርድ አለው። አማቴ መጡ፣ ግንባሩን ዳሰሱና "ልጄ፣ ምች ነው የመታህ። ከዚያ ሁሉ ጸሐይ መጥተህ!" አሉት። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡት። ማታ አላበውና ተሻለው፣ ሁላችንም ዳማከሴው ሠራ አልን። በማግስቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። ወባ እንዲህ ነው፤ ይለቅና ይመጣል። ሲለቅ አትዘናጉ።

ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ "ክፍለ ሀገር ወጥተው ነበር?" ብላ ጠየቀችው። "ኧረ አልወጣሁም" አለ። እውነቱን ነው፣ ሞምባሳ ክፍለ ሀገር አይደለም! በደም ምርመራ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠው። ያ የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት በኋላ ነው የሰማሁት። ወባ ማንም አልመረመረም።

በሦስተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ ንግግሩ ተዘበራረቀ። ሌሊት ሆስፒታል ወሰድነው። ግሉኮስ ልትሰካለት እጅጌውን የሰበሰበችው ነርስ ትከሻው ላይ የተላጠውን ቆዳ አየችና ቆም አለች። "ይህ የባህር ጸሐይ ነው። የት ነበራችሁ?" አለችኝ። "ሞምባሳ" ስላት ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ደም ቀድታ ላቦራቶሪ ሮጠች። ፋልሲፓረም ነበር፣ ፈጥኖ የሚገድለው ዓይነት። አርቲሱኔት በደም ሥር ጀመሩለት፣ መዋጥ ሲችል ወደ ኮአርተም ቀየሩት። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው በደንብ የሚሠራው፤ በወተት ነበር የምሰጠው። ከሆስፒታል ከወጣም በኋላ ለሳምንታት ደረጃ ሲወጣ ያርፍ ነበር።

ከባህር ዳርቻ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ሳምንትም ይሁን ወር ወይም ከዚያ በላይ አልፎ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ። "ከኬንያ ባህር ዳርቻ ነው የመጣሁት፣ የወባ ምርመራ እፈልጋለሁ" በሉ። ኪኒኑን በደንብ ውጣችሁ ቢሆንም ተመርመሩ። የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ቢል እንኳ ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማግስቱ ይደገምላችሁ። እስከዚያ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ። ሞምባሳ አካባቢ ዴንጊ የሚባል ሌላ በትንኝ የሚተላለፍ በሽታም ስላለ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስ ሊያባብሱ ይችላሉ።

ብዙ ሰው "ሕፃን ይዘን እንሂድ?" ይለኛል። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች እኔ ብሆን ጉዞውን አቆየዋለሁ፤ ወባ በእነሱ ላይ ይበረታል። የግድ ከሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። የእኛ ልጅ አድጓልና ዘንድሮም ጥር ላይ እንሄዳለን። የባለቤቴ ኪኒን የሚዋጥባቸው ቀናት ከመመለሻችን በኋላ ያሉትን አራት ሳምንታት ጨምሮ ፍሪጁ ላይ ተለጥፈዋል። በየቀኑ ምልክት የሚያደርገው ልጃችን ነው።